መኪናዬ የቆመችበት ቦታ ላይ ኢፖክሲው ተላጠ

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የጋራዤን ወለል ኢፖክሲ ካስቀባሁ ገና 3 ወሬ ነው፤ ጎማው ካረፈበት ቦታ ቀለሙ ተላጥቶ ይነሳል። ባለሙያው «ሌላ ልደርብበት» ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ በፍጹም አይስማሙ፤ የሚደረበውም አብሮ ይላጣል። የተነሳውን ቁራጭ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ልሙጥና ንጹሕ ከሆነ ኮንክሪቱ በደንብ ሳይፋቅ ተቀብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የሲሚንቶ ዱቄት ይዞ ከመጣ ደግሞ የኮንክሪቱ የላይኛው ገጽ ደካማ ነበር። ከሥር የሚመጣ እርጥበትም ያስላጣል። ቀለም በሌለበት ቦታ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አንጥፈው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ይግለጡት። ላብ ካለው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት የሚገታ ፕራይመር ያስፈልጋል። ወለሉ ከመነካቱ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ውሉ ስለ ወለል ዝግጅት ምን እንደሚል አይተው፣ የላላው በሙሉ በግራይንደር ተፍቆ እንደገና እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ።