ሳይቃጠል በቅጠል፦ ምክር ለባለሱቆች

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ጥሪት አመድ አድርጓል። የመንገዱ ጥበትና የአካባቢው መጨናነቅ የማጥፋቱን ሥራ እንዳከበደው በወቅቱ ተነግሯል። ሱቅዎ እንዲህ ባለ መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ፣ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች በእርስዎ እጅ ናቸው። ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው የካሳ ጣጣም እንዲሁ።

ሲዘጉ

ብዙ ሰው አምፖሉን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ማከፋፈያው ላይ የተሰካው ዕቃ ግን ኤሌክትሪክ እየሳበ ያድራል። ማታ መጥፋት ያለበት ዋናው ብሬከር ነው። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አይቀጥሉ፤ ምድጃም አይሰኩበት። ገመዱ ሲዳሰስ ከሞቀ ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። የጨርቅ ጣቃን ከአምፖልና ከቆጣሪ ያርቁ። የቡናውን ከሰል ውሃ ሳያፈሱበት አይድፉ፤ አመድ የለበሰ ፍም ለሰዓታት ሳይጠፋ ይቆያል።

እሳት ሲነሣ

አዲስ አበባ ከሆኑ መጀመሪያ 939 ይደውሉ። «እኔው ልሞክረውና ካቃተኝ» አይበሉ። ተራውን፣ የሕንፃውን ስምና የሚቃጠለውን ነገር ይናገሩ፤ መኪናውን እየመራ የሚያስገባ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ይላኩ። የሌሊት ጥበቃውም ቁጥሩንና የብሬከሩን ቦታ ይወቅ።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ ካለዎት የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ይዩ። ሲጠቀሙበት ፒኑን ይንቀሉ፤ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀው አፉን ወደ ነበልባሉ ሥር ያነጣጥሩ፤ እጀታውን ጨምቀው ግራና ቀኝ ይጥረጉ። ባለ 6 ኪሎው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይቆይም፤ ስለዚህ መውጫው ከጀርባዎ ይሁን። ዱቄቱ ነበልባሉን ይገድላል እንጂ አያቀዘቅዝም። የታሰረ ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ቆይቶ እንደገና ሊቀጣጠል ይችላል፤ መብራት መቋረጡ ከተረጋገጠ በኋላ በውሃ መራስ አለበት። ጭሱ ከበረታ ዕቃውን ትተው ይውጡ። ለዕቃ ብሎ የሚመለስ ሰው ራሱን ከማጋለጡም በላይ የእሳት አጥፊዎቹን መንገድ ይዘጋል።

ወረቀቱ

የንግድ ፈቃድዎን፣ የግዢ ደረሰኞችዎንና የዕቃ መዝገብዎን ፎቶ አንሥተው ከሱቁ ውጭ ያስቀምጡ። ሱቅ ውስጥ ብቻ ያለ መዝገብ ከዕቃው ጋር ይነዳል፤ ያኔ ምን እንደጠፋ ማስረዳት ይከብዳል።

መድን ከገቡ የተጻፈውን የገንዘብ መጠን ይመርምሩ። ዓረቦን ለመቀነስ ሲባል ዕቃን አሳንሶ ማስመዝገብ የተለመደ ነው፤ መዘዙ የሚታወቀው ካሳ ሲጠየቅ ነው። ሱቅዎ ውስጥ የ2 ሚሊዮን ብር ዕቃ እያለ ውሉ ላይ የተጻፈው 1 ሚሊዮን ከሆነ፣ 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ቢቃጠል በተለመደው የእሳት መድን ውል የሚከፈልዎ 200 ሺህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግማሹን ዋስትና እንዳልገቡበት ይቆጠራልና። ለበዓል ዕቃ ሲያከማቹም መጠኑ እንዲስተካከል ቀድመው ያሳውቁ።

ዛሬ ማታ ብሬከሩን አጥፍተው ይውጡ፤ ነገ ጠዋት የመድን ውልዎን አውጥተው ያንብቡ።