ቀን የማይጠፋበት የጥብቅና ቢሮ

ከፎገራ ሜዳ የሚነሳ የመሬት ክርክር ብዙ ደጅ ያስጠናል። የወሰን መግፋት፣ የውርስ፣ የኪራይ ወይም የእኩል ውል ክስ በወረዳ ፍርድ ቤት ይጀመራል። ይግባኙ ደብረ ታቦር ወደሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ይዘልቃል። ባለጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ኑሮው በሩዝና በሽንኩርት ማሳው ላይ የቆመ ገበሬ ነው። ይህ ሰው በማስረጃ ተረትቶ ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን አልፎበትም መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዚያው በፎገራ ባለችው በወረታ ከተማ ቢሮ የከፈተ ጠበቃ ኮምፒውተርም ሆነ የስልክ መተግበሪያ ሲመርጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ቀን እንዳይጠፋ የሚጠብቅ መሆኑን ነው።

ሕጉ በቀን ላይ ጥብቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 326 ደግሞ የወኪል ወይም የጠበቃ ጥፋትን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። የጠበቃው መርሳት በደንበኛው ላይ ያርፋል ማለት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንቁጠር። ፍርዱ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ተሰጠ እንበል። በልምድ «ሁለት ወር» ብሎ የሚቆጥር ሰው መስከረም 20 ላይ ይደርሳል። ሕጉ ያለው ግን 60 ቀን ነው። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 40 ቀን አለ፤ ጳጉሜን 5 ቀን ይጨምራል፤ የቀረው 15 ቀን መስከረም 15 ቀን 2018 ላይ ያልቃል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ይሆናል። በልምድ የቆጠረው ሰው አምስት ቀን ዘግይቷል። የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠኛል ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ዕረፍቱን ሳያስቡ ቆጥሮ ማስገባት ይሻላል።

ኤክሴል እዚህ ላይ ያግዛል፤ ነገር ግን የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። «ሐምሌ 20» ብለን ብንጽፍለት እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር። ሐምሌ 20 ቀን 2017 በፈረንጆች ጁላይ 27 ቀን 2025 ነው። በዚህ ላይ 60 ሲደመር ሴፕቴምበር 25 ይመጣል፤ ይህም መስከረም 15 ነው። በእጅ የተቆጠረውና ማሽኑ ያወጣው ቀን ከተገናኙ ቀኑ ይመዘገባል፤ ካልተገናኙ እንደገና ይቆጠራል። የስልክ ማስታወሻ ሲሞላም ሰዓቱን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት ችሎት በስልኩ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ ነው የሚገባው።

ሁሉም ገደብ በቀን አይቆጠርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቀው በ3 ወር ውስጥ ነው። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ በመኪና አደጋ፣ ካሣ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ገደቡ በቀን፣ በወር ወይም በዓመት መሆኑና የተመሠረተበት አንቀጽ አብሮ ይጻፍ። ከዚያ የመዝገብ ቁጥር፣ የተከራካሪዎች ስም፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቀጣዩ ቀጠሮና የሚሠራው ሥራ ይከተላሉ። ማስታወሻው ከመጨረሻው ቀን 30፣ 15 እና 5 ቀን አስቀድሞ እንዲደውል ይደረግ፤ የፍርድ ግልባጭ ማውጣቱ ብቻውን ቀን ይወስዳልና።

ስም አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረታን በመሰለ ከተማ ዛሬ ምክር ሊጠይቅ የመጣው ሰው፣ ቢሮው ትናንት የወከለው ሰው ባላጋራ ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት ስሙን በሠንጠረዡ መፈለግ አለበት። ነገር ግን «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቢሮው አንድ ወጥ አጻጻፍ ይምረጥ፤ ስሙንም እስከ አያት ከነቀበሌው ይመዝግብ።

ቀጥሎ ሰነዱ ነው። ፎገራ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። በገበሬው ቤት ያለው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የኪራይ ውልና ደረሰኝ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል። ጠበቃው ሰነዱን በእጁ ባገኘበት ቀን በስልኩ ጥርት አድርጎ ያንሣ፤ ፋይሉንም ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር አስቀድሞ ይሰይም። «2017-11-20-ፍርድ» የተባለ ፋይል በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራል። ፎቶው ዋናውን ሰነድ ባይተካም፣ የጠፋው ምን እንደነበረ ለማወቅና ምትክ ለመጠየቅ ይረዳል።

በሌላው ዓለም እነዚህን ሥራዎች አጠቃለው የሚይዙ የጥብቅና ቢሮ ፕሮግራሞች አሉ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተመሠረተው ክሊዮ ከታወቁት አንዱ ነው። ቀጠሮ፣ ሰነድና ሒሳብ በአንድ ቦታ ማግኘት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን የማያቋርጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይዘነጋም። እዚህ ቢሮ ዋናው መዝገብ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት መሆን አለበት። በየሳምንቱ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከቢሮው ውጭ በሌላ አስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ። የየዕለቱ ቀጠሮም መብራት ሲጠፋ እንዲታይ በወረቀት አጀንዳ ላይ ይጻፍ።

ምስጢር መጠበቅም የሥራው አካል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ጠበቃ ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም በላዩ ተጨምሯል። ስልኩም ኮምፒውተሩም በይለፍ ቃል ይቆለፉ፤ የደንበኛ ሰነድ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ፤ ፍላሽ ዲስክም በየጽሕፈት ቤቱ እየተሰካ አይዙር።

ለመጀመር የሚበቃው በእጅ ያለው ኮምፒውተርና አንድ ሠንጠረዥ ነው። መጀመሪያ ያልተዘጉት መዝገቦች ብቻ ይግቡ፤ እያንዳንዱን የመጨረሻ ቀንም ጠበቃውና ጸሐፊው ለየብቻ ቆጥረው ያስተያዩ። አሠራሩ መሥራቱ የሚታወቀው ጠበቃው ታምሞ በቀረበት ቀን ነው፦ ጸሐፊው ሠንጠረዡን ከፍቶ የትኛው ጉዳይ፣ የት ፍርድ ቤት፣ እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበት ለተተኪው ጠበቃ መናገር ከቻለ፣ የገበሬው መብት በአንድ ሰው ትዝታ ላይ አልተንጠለጠለም።