ኪራም ናስ ሠሪው፣ የመበለቲቱ ልጅ
(የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፤ 1ኛ ነገሥት 7፥13-51)



በዚህ ዕትም የምናጠናው ምዕራፍ ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው ነው። የክንድ ልክ፣ የሮማን ቍጥር፣ የመንኰራኵር ዓይነት ስለ በዛበት፣ አንባቢ ሁሉ ወደ ምዕራፍ 8፣ ማለትም ወደ ሰሎሞን ጸሎት ለመድረስ ይቸኵላል። በዚያ ሁሉ ልክና ቍጥር መካከል ግን ፊቱ በእሳት የተለበለበ አንድ ሰው ቆሞአል። ቅዱስ መጽሐፍ ስሙን፣ የእናቱን ነገድና የአባቱን ሙያ ሳይቀር መዝግቦልናል።

ስሙ ኪራም ነው። የዝግባ እንጨት ለሰሎሞን ከላከው ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ጋር አንድ አይደለም፤ ስማቸው ብቻ ይመሳሰላል። 2ኛ ዜና መዋዕል 2፥13 ይህን ባለሙያ ኪራም አቢ ይለዋል። አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እርሱም ናስ ሠሪ ነበረ፤ እናቱ ግን እስራኤላዊት መበለት ናት። መጽሐፈ ነገሥት ከንፍታሌም ወገን ናት ሲል፣ ዜና መዋዕል ከዳን ልጆች ወገን ያደርጋታል። አንዳንድ ሊቃውንት በትውልድ ከአንዱ፣ በጋብቻ ከሌላው ነገድ ነበረች በማለት ሁለቱን ያስታርቃሉ። ለእኔ የሚበልጥ የሚመስለኝ ግን የዜና መዋዕል ጸሐፊ ዓይኑን ወደ ምድረ በዳው ድንኳን መመለሱ ነው፤ ከባስልኤል ጋር ድንኳኑን የሠራው ኤልያብ ከዳን ነገድ ነበረና (ዘጸ. 31፥6)። በዚህ አነጋገር የአሕዛብ ልጅ የሆነው ናስ ሠሪ በእናቱ በኩል የቀደሙት የመቅደስ ሠሪዎች ወራሽ ሆኖ ይታያል።

አሁን የምዕራፉን ቍልፍ ቃል እንመልከት። በ7፥14 ኪራም ጥበብ፣ ማስተዋልና ዕውቀት የሞላበት ሰው መሆኑ ተነግሮአል። እነዚህ ሦስቱ ቃላት በዕብራይስጡ አብረው የሚገኙባቸው ሁለት ታላላቅ ስፍራዎች አሉ። አንደኛው ስለ ባስልኤል የተነገረበት ዘጸአት 31፥3 ነው። ሁለተኛው መጽሐፈ ምሳሌ 3፥19-20 ሲሆን፣ እግዚአብሔር ምድርን በጥበብ፣ ሰማያትን በማስተዋል፣ የቀላያትንም ነገር በዕውቀት እንዳደረገ ያስተምራል። እንግዲህ ፈጣሪ ዓለምን ባበጀበት ነገር ስም የአንጥረኛው ሙያ ተጠርቶአል ማለት ነው። ሰሎሞን በገባዖን ለምኖ የተቀበለው ጥበብ ሳይቀር በዚሁ ቃል ይጠራል። አንድ ልዩነት መኖሩን ግን መካድ አይገባም፤ በባስልኤል ላይ የእግዚአብሔር መንፈስ ተጠቅሶአል፣ በኪራም ላይ አልተጠቀሰም። የተነገረለት የእጁ ዕውቀት ነው፤ እርሱም ወደ መቅደሱ ሥራ ለመጠራት በቅቶታል።

ሥራውን የሠራው በኢየሩሳሌም አልነበረም። 7፥46 እንደሚያመለክተው ናሱ የፈሰሰው በዮርዳኖስ ሜዳ፣ በሱኮትና በጻርታን መካከል፣ በሸክላ አፈር ውስጥ ነው። ምክንያቱ ለባለሙያ ግልጽ ነው፤ ኢየሩሳሌም በድንጋያማ ተራራ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ለቅርጽ የሚሆነው ጭቃ የሚገኘው በወንዙ ሸለቆ ነው። ብዙዎች ሱኮት እንደ ሆነች በሚገምቷት በዴይር ዓላ ኮረብታ፣ ከብረት ዘመን መጀመሪያ የሆኑ የነሐስ ማቅለጫ ምድጃዎች ተቈፍረው ተገኝተዋል። የኪራም ምድጃዎች ናቸው ለማለት አይደለም፤ ስፍራው ግን ለሙያው እንግዳ እንዳልነበረ ያሳያል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን «ናስ» የሚለው በአሁኑ አነጋገር ነሐስ፣ ማለትም የመዳብና የቆርቆሮ ድብልቅ መሆኑን ልብ በሉ። መዳብ ብቻውን ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ቀደም ብሎ ይቀልጣል፣ በቅርጹም ውስጥ በቀላሉ ይፈስሳል። ከመቅደሱ በር ፊት የቆሙት ሁለቱ ዓምዶች፣ ያኪንና ቦዔዝ፣ ቁመታቸው 18 ክንድ (8 ሜትር ያህል)፣ ዙሪያቸው 12 ክንድ ነበረ። ነቢዩ ኤርምያስ እንደሚነግረን ውስጣቸው ባዶ፣ ውፍረታቸውም አራት ጣት ነው (52፥21)። ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ለማፍሰስ አስቀድሞ የውስጡ ጭቃ ይበጃል፤ በዙሪያው ደግሞ የውጭው ቅርጽ ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈለገው ውፍረት ያህል ክፍተት ይተውና የቀለጠው ነሐስ በዚያ ይገባል። ቅርጹ በደንብ ካልደረቀ እንፋሎቱ ይሰነጥቀዋል፤ የብዙ ቀን ድካምም በአንድ አፍታ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ጉልላት ዙሪያ በተራ የተደረደሩት ሁለት መቶ ሮማኖች የወጡት ከእንዲህ ያለ እሳትና ጭቃ ነው።

ካህናት የሚታጠቡበት ታላቁ ኩሬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 10 ክንድ፣ ቁመቱ 5፣ ዙሪያው 30 ክንድ ሲሆን፣ ፊታቸውን ወደ አራቱ ማዕዘናት ባዞሩ 12 የናስ በሬዎች ላይ ተቀምጦ ነበር። (ሒሳብ የሚያውቁ ተማሪዎች ዙሪያው ከ31 ክንድ ማለፍ ነበረበት ብለው ይጠይቃሉ። መልካም ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው ልኩን በሙሉ ቍጥር እንደ ሰጠ መንገር ይበቃል።) ከዚህም ሌላ ዐሥር ባለ መንኰራኵር መቀመጫዎች፣ ዐሥር የመታጠቢያ ሰኖች፣ ምንቸቶችና መጫሪያዎች አሉ። የዓመድ መጫሪያ ሳይቀር ከዓምዶቹ ጋር በአንድ መዝገብ መግባቱ ደስ ያሰኛል።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ሌላውን እንዳያስረሳን። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ሰሎሞን 30,000 ሰዎችን በግዴታ ሥራ እንዳሰማራ ተጽፎአል፤ ከሞቱም በኋላ ሕዝቡ ስለ ቀንበሩ ክብደት አቤት ብሎአል (12፥4)። ለእነዚያ ሰዎች ስም የሰጣቸው የለም።

የናሱ ፍጻሜም አሳዛኝ ነው። ንጉሥ አካዝ ኩሬውን ከበሬዎቹ ላይ አውርዶ በድንጋይ ወለል ላይ አኖረው (2ኛ ነገ. 16፥17)። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ባቢሎናውያን ዓምዶቹንና ኩሬውን ሰባብረው ናሱን ወሰዱ። መጽሐፉ በዚያ ቦታ ናሱ ከብዛቱ የተነሣ ሊመዘን እንዳልቻለ ይናገራል፤ ኪራም ሥራውን በፈጸመ ጊዜም ስለ ሚዛኑ የተነገረው ይኸው ነበር (7፥47ን ከ2ኛ ነገ. 25፥16 ጋር አስተያዩ)።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ጥናት ያሳፍረናል። ባለ እጁን ለመስደብ የምንጠቀምበት «ጠይብ» የሚለው ቃል ምንጩ «ጠቢብ» ነው። በቀሚሳችን ጥለት ላይ የተሠራውን «ጥበብ» ብለን እያደነቅን ሸማኔውን ንቀናል፤ ማረሻችንን የሚስለውን ቀጥቃጭ ቡዳ ብለን ሸሽተናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፤ ነገሩ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በመስፊያው አጠገብ ተቀምጦ በእሳቱ ወላፈን ሥጋው የሚቀልጠውን፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን የሚያደነቍረውን አንጥረኛ ይገልጽልናል። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ለሸንጎ ባይጠሩም ከተማ ያለ እነርሱ እንደማይኖር፣ ጸሎታቸውም በሥራቸው ውስጥ እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚለካው አስቀድሞ በሠሪው ሰውነት እንጂ በሥራው ዓይነት አለመሆኑን አስረድተዋል።

ቀደም ሲል ባገለገልሁበት አንድ ቁምስና የጽናው ሰንሰለት ተበጥሶ አንድ ቀጥቃጭ ምእመን በአንድ ሌሊት አበጅቶ አመጣልን፤ ዋጋም አልተቀበለም። በዚያው ዓመት ሴት ልጁን ለጋብቻ የጠየቀ ቤተሰብ የአባቷን ሙያ በሰማ ጊዜ ነገሩን አፈረሰ። በተከታዩ እሑድ ያው ቤተሰብ በዚያው ጽና ዕጣን ታጥኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ዐውቄ ዝም አልሁ፤ በዚያ ቀን በስብከቴ ስለ ሌላ ነገር ተናገርሁ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ ስታስተምሩ ከልኮቹ አትጀምሩ። የተሠራ ነገር፣ መስቀልም ቢሆን ማጭድም ቢሆን፣ ይዛችሁ ግቡና እንዴት እንደ ተሠራ ጠይቁ። ከልጆቹ መካከል የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ወላጆቹን አነጋግሩ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ አባቱን ወይም እናቱን ጋብዙ፣ ስለ እሳቱና ስለ ጭቃው እነርሱ ያስረዱ። 7፥14ን ከዚያ በኋላ ታነባላችሁ።