የአካል ጉዳት ክፍያ ሲከለከል፦ በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ውስጥ የመዝገብ ሚና

መግቢያ

የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ አካል ጉዳትን የሚተረጉመው በሕመሙ ስም ሳይሆን በሥራ አቅም ነው። አመልካቹ በሕክምና በተረጋገጠ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ችግር ምክንያት ጉልህ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት የማይችል መሆን አለበት፤ ችግሩም ለሞት የሚያደርስ፣ ወይም ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት የቆየ አለዚያም እንደሚቆይ የሚጠበቅ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ጠባብ ትርጉም የተነሣ አብዛኞቹ ማመልከቻዎች በመጀመሪያው ውሳኔ ውድቅ ይሆናሉ። ይህ ጽሑፍ ከውድቀቱ በኋላ ያለውን የይግባኝ ሥርዓት በመመርመር፣ የጉዳዩ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በመዝገቡ ሙሉነት መሆኑን ያሳያል።

የይግባኙ ደረጃዎች

ሥርዓቱ አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም በተቋሙ ውስጥ የሚደረግ ዳግም ምርመራ፣ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት የሚካሄድ ችሎት፣ የይግባኝ ምክር ቤት እና የፌዴራል ፍርድ ቤት ናቸው። በየደረጃው አመልካቹ ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ 60 ቀናት አሉት፤ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በኋላ በ5ኛው ቀን እንደ ደረሰው ይቆጠራል።

ይግባኙን ትቶ አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ቀላል መስሎ ቢታይም ብርቱ አደጋ አለው። ያልተነካው ውሳኔ የመጨረሻ ስለሚሆን ያለፈው ጊዜ ውዝፍ ክፍያ ሊጠፋ ይችላል። በሥራ ዘመን መዋጮ ላይ የተመሠረተው የመድን ሽፋንም ሥራ ከቆመ በኋላ ጊዜው ያበቃል። ሽፋኑ ካበቃ በኋላ የመጨረሻ ውሳኔ የተሰጠበት ሰው በአዲስ ማመልከቻ ያንኑ ዘመን ማስከፈት አይችል ይሆናል።

ከምርመራ ውጤት ወደ ሥራ አቅም

ዳኛው በቀደመው ውሳኔ ሳይታሰር ማስረጃውን እንደ አዲስ ይመዝናል፤ አመልካቹንም በቃል ይሰማል። ስለሆነም ይህ ደረጃ ለአመልካቹ ከሁሉ የላቀ ዕድል የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 27 ቀን 2017 ወዲህ በቀረቡ ማመልከቻዎች የሐኪም አስተያየት በዋናነት የሚመዘነው በደጋፊ ማስረጃውና ከቀረው መዝገብ ጋር ባለው ስምምነት ነው። «ታካሚው መሥራት አይችልም» የሚል ደብዳቤ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ይህ ድምዳሜ ለተቋሙ የተተወ ነውና። ዋጋ የሚኖረው ታካሚው ስንት ሰዓት መቀመጥ፣ ምን ያህል ክብደት ማንሣት እንደሚችል፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ሊቀር እንደሚችል በምርመራ አስደግፎ የሚገልጽ ሰነድ ነው። ማስረጃው ከችሎቱ ቢያንስ 5 የሥራ ቀናት አስቀድሞ መቅረብ ወይም መጠቆም አለበት።

ሸክሙ የማን ነው?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቦወን እና በየከርት ጉዳይ (1987) የመጀመሪያዎቹን አራት የምዘና እርከኖች የማስረዳት ሸክም በአመልካቹ ላይ መሆኑን፣ አምስተኛው ግን የተቋሙ መሆኑን አመልክቷል። በሲምስ እና በአፕፈል ጉዳይ (2000) ደግሞ የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሥርዓቱ ከሙግት ይልቅ የማጣራት ባሕርይ እንዳለው ገልጸዋል። በሁለቱ መካከል ውጥረት አለ፤ ዳኛው እውነቱን የማጣራት ግዴታ ቢኖርበትም፣ ሰነድ ያላሟላው ሰው ይሸነፋል። ፍርድ ቤቱ በቢየስቴክ እና በቤሪሂል ጉዳይ (2019) እንዳረጋገጠው፣ ውሳኔን ለማጽናት የሚያስፈልገው የማስረጃ መጠን ከፍተኛ አይደለም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የቀረ ክፍተት በፍርድ ቤት እምብዛም አይሞላም።

ይህ ሸክም ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሐኪም ዘንድ አዘውትሮ ለመሄድ አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች፣ አማርኛ ተናጋሪውን ስደተኛ ጨምሮ፣ ከተቋሙ ነጻ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ አስተርጓሚው ግን ያልተጻፈ የሕክምና ታሪክን አይተካም።

ማጠቃለያ

በማቲውስ እና በኤልድሪጅ ጉዳይ (1976) ፍርድ ቤቱ የአካል ጉዳት ክፍያን ከማቋረጥ በፊት የቃል ችሎት ማድረግ በሕገ መንግሥቱ ግዴታ አለመሆኑን ወሰነ፤ አንዱ ምክንያትም ውሳኔው በአብዛኛው በጽሑፍ የሕክምና ማስረጃ ላይ መመሥረቱ ነበር። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ብሬናን ግን ክፍያው በመቋረጡ ቤተሰቡ ቤቱንና የቤት ዕቃውን ማጣቱን አስታውሰዋል። የይግባኝ መብት ሙሉ የሚሆነው መዝገቡን ለማሟላት የሚያስችል አቅምና ጊዜ አብሮት ሲኖር ነው።