ሽጉጥ ስትተኩሱ አውራ ጣታችሁ የት ነው ያለው?



ባለፈው ሰሞን ተረኛ ሆኜ ሳለ ሃምሳን የተሻገሩ አንድ ጋሼ ግራ እጃቸውን በሻሽ ጠቅልለው መጡ። «ልጄ፣ ሽጉጥ ነው» ሲሉኝ ደነገጥኩና ጥይቱ የት ገብቶ የት ወጣ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። «ኧረ ጥይት አይደለም! ራሱ ብረቱ ነው የነከሰኝ» አሉ። ሻሹን ስፈታው መጀመሪያ ያየሁት የተነሰነሰ ቡና ነው። ቡናውን አጥበን ስናስለቅቅ በአውራ ጣታቸው ጀርባ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ፣ ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ቀጥ ያሉ ቁርጦች ታዩ። በምላጭ የተሰመሩ ነው የሚመስሉት።

ጋሼ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ለኢላማ ልምምድ ልኳቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክላሽ ይዘዋል፤ ሽጉጥ ግን በቅርቡ ነው የተሰጣቸው። ነገሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ክላሽ ሲተኮስ የሚመላለሰው ብረት ከእጅ ርቆ ነው። ሽጉጥ ላይ ግን ልክ ከጨበጣችሁት እጅ በላይ ነው የሚሮጠው።

(ዛሬ የማወራው ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸውና ለሥራ ለሚይዙ ሰዎች ነው። የፈቃዱን ጉዳይ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይዞታል፤ እኔ የእጁን ጉዳይ ልያዝ። ውጭ አገር ሆናችሁ ሽጉጥ የገዛችሁና ተኩስ መለማመጃ የምትሄዱም፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል።)

ምንድን ነው የሚቆርጠው?

ማካሮቭም ሆነ ሌላ ካዝና ያለው ሽጉጥ፣ ከላይ ያለው ረጅም ብረት ተንቀሳቃሽ ነው። ባለሙያዎቹ ስላይድ ይሉታል። ጥይት በተኮሳችሁ ቁጥር ስላይዱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ከካዝናው አዲስ ጥይት አጉርሶ ወደ ፊት ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እጄን ቶሎ አሸሻለሁ የሚባል ነገር የለም። ከስላይዱ በስተኋላ ሥጋ ካገኘ ይቆርጣል፤ የግራና የቀኙ የታች ጠርዝ እኩል ስለሚያልፉ ነው ቁስሉ ሁለት መስመር የሚሆነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የደጋፊው እጅ አውራ ጣት ነው። ቀኝ እጃችሁ እጀታውን ጨብጧል፣ ግራው ሊያግዝ ይመጣል። ጀማሪ ሰው ታዲያ የግራውን አውራ ጣት በቀኝ እጁ ጀርባ በኩል አሻግሮ፣ ልክ ከስላይዱ ኋላ ያነባብረዋል። እንዲህ መያዝ ጥይቱ በሚሽከረከር ክብ ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት ሪቮልቨር ላይ ብዙ ችግር አልነበረውም፤ ወደ ኋላ የሚወረወር ስላይድ የለውማ። ጋሼም እንዲሁ ነው የያዙት። «ጠበቅ ይበል ብዬ ነው» አሉኝ።

ትክክለኛው ቀላል ነው። ሁለቱም አውራ ጣቶች በአንድ ወገን ይሁኑ። ቀኝ እጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለቱም በሽጉጡ ግራ ጎን፣ አንዱ ካንዱ ከፍ ብሎ፣ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ተዘርግተው ይቀመጡ። ስላይዱን ራሱን አይንኩት፤ ጎኑን ቢነኩት እንኳ ይፍቃል፣ ሽጉጡም እንዲነክስ ያደርገዋል። ግራ እጅ የምትጠቀሙ ገልብጡት። ከሽጉጡ ኋላ ምንም ጣት እንዳይሻገር ብቻ!

ሁለተኛው ተጎጂ ቦታ የጨበጠው እጅ ራሱ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቆዳ። እጀታው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የወጣች ምላስ መሰል ብረት አለች። ሥራዋ እጃችሁን ከስላይዱና ከመዶሻው መከለል ነው። እጃችሁ እሷ ሥር ተጠግቶ ይግባ፣ ከእሷ በላይ ግን አይውጣ። እጀ ትልቅ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ሲይዝ ቆዳው በላይዋ ይፈሳል። ዋልተር ፒፒኬ በዚህ የታወቀ ነው። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ደግሞ በመዶሻው ይቆነጥጣል። ድሮም የታወቀ ችግር ነው፤ ኮልት 1911 ሲሻሻል ይህችን ምላስ ያስረዘሟት እጅ እንዳይነከስ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ የሚነክሳችሁ ከሆነ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእናንተ አይደለም፤ ሽጉጡ ለእጃችሁ አይሆንም ማለት ሊሆን ይችላል። ስስ የቆዳ ጓንት ይረዳል፣ መቀየር ከተቻለ ግን መቀየር ይሻላል።

ከመተኮሳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፤ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ካዝናው ውስጥ እያለ ብትስቡት ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ከዚያ ስላይዱን ስባችሁ ውስጡን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጡ እንደምትተኩሱት ጨብጡትና ሌላ ሰው ስላይዱን ቀስ አድርጎ ከጎን በኩል ወደ ኋላ ይሳበው። ቆዳችሁን የሚነካ ከሆነ ሲተኮስ ይቆርጣችኋል። በቃ፣ አያያዛችሁን እዚያው አስተካክሉ።

ስታቀባብሉም ከኋላ በኩል በሙሉ እጅ ያዙና ሳቡ፣ ከዚያ ልቀቁት። በአፈሙዙ በኩል አትያዙ፣ ቀለህ የሚወጣበትን ቀዳዳም በመዳፍ አትሸፍኑ። የተቀረቀረ ቀለህ ሲያጋጥም ስላይዱን ሳይቆልፉ ጣት የሚያስገቡ አሉ፤ ጥፍር የሚያነሳ ነገር ነው።

ከቁስሉ የሚብሰው

ጋሼ መጨረሻ ላይ፣ ስሰፋቸው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው የነገሩኝን ልንገራችሁ። ብረቱ ሲቆርጣቸው «ወይኔ!» ብለው ግራ እጃቸውን ጭብጥ አደረጉ። ቀኙም አብሮ ጨበጠ። ሁለተኛ ጥይት ወጣ። አጠገባቸው ከቆመው ባልደረባቸው እግር አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ መሬት መታ። እጃቸው ከሕመሙ በላይ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ይህ የሰውነታችን ጠባይ ነው። ስንደነግጥ አንዱ እጅ ሲጨብጥ ሌላውም ይከተላል። ሽጉጡ ደግሞ ቆረጣችሁ እንጂ ሥራውን አላቆመም፤ አዲስ ጥይት ጎርሷል፣ መዶሻው ተነስቷል። በማካሮቭ ዓይነቱ ላይ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ቃታው ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ ሲነክሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ እጃችሁን ማየት አይደለም። ጣት ከቃታ ይውጣ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ይቆይ፣ መጠበቂያው ካለ ይዘጋ፣ ሽጉጡ ይቀመጥ። ካልቻላችሁ «ቆርጦኛል!» ብላችሁ አሠልጣኙን ጥሩ። ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ ይውደቅ። በአየር ላይ ለመቅለብ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቃታውን ነው።

ከተቆረጣችሁስ?

ቀለበት ካለ ቶሎ አውልቁ፣ እጅ ሲያብጥ አይወጣም። በንጹሕ ጨርቅ ሳታነሱ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተጫኑት፤ በየሰከንዱ እየገለጡ ማየት ደሙን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ሲቆም በሚወርድ ንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡት። ቡና አታድርጉበት። አውቃለሁ፣ እናቶቻችን ያደርጉ ነበር፤ እኛ ግን ያንን ቡና በፒንሰት እየለቀምን ነው የምናወጣው፣ ጀርምም ይዞ ይገባል። ቤንዚንና የሽጉጥ ዘይትም እንደዚያው።

ከዚያ ሁለት ነገር አረጋግጡ። መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አውራ ጣትን ብቻ ወደ ላይ አንሱ። እምቢ ካለ ወይም ከሌላው እጅ ከደከመ ጣቱን የሚያነሳው ጅማት ተቆርጦ ይሆናል። ቀጥሎ በእስክሪብቶ ጫፍ የጣቱን ሁለት ጎኖች ነካ ነካ አድርጉ፤ የደነዘዘ ካለ ነርቭ ተነክቷል። ከሁለቱ አንዱ ከታየ፣ ወይም ቁስሉ አፉን ከከፈተ፣ ወይም ደሙ ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልቆመ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጅማቱ በከፊል ተቆርጦም ጣቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ስለዚህ ጥልቅ ከሆነ «ይንቀሳቀሳል እኮ» ብላችሁ ቤት አትቅሩ። የጋሼም እንዲህ ነበር፤ ጣታቸው ይነሳል፣ ውስጡ ሲታይ ግን ጅማቱ ተበልቷል።

ስትመጡ እውነቱን ንገሩን። ሽጉጥ ካልኩ ጥያቄ ይበዛል ብለው «በር ቆረጠኝ» የሚሉ አሉ። እኛ ማወቅ ያለብን ውስጡ ዘይትና ጥላሸት መኖሩን፣ ምን ያህል ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን ደግሞ በተለይ ወንዶች ስሙኝ። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይከተባሉ። አገራችን ውስጥ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነውና ከዚያ በፊት የተወለደ ወንድ አንድም ቀን ተከትቦ ላያውቅ ይችላል። ጋሼም ተከትበው አያውቁም ነበር። ሦስቱን የጨረሰ ሰው እንኳ ለቆሸሸ ቁስል ከመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈው ይደገማል።

ባትቆረጡም ከተኩስ በኋላ ሳትታጠቡ ቆሎ አትዝገኑ። ከጥይቱ የሚወጣው ብናኝ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ይብሳል። ቤት ስትገቡ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ልብስ ቀይሩ።

የእጅ ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ከዚያ በፊት ቁስሉ ከቀላ፣ እያበጠ ከመታችሁ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ተመለሱ። ጅማት የተሰፋለት ሰው ስፌቱ ከወጣ በኋላም ጣቱ ለሳምንታት በድጋፍ ታስሮ ይቆያል፤ ጋሼ አሁንም እንደታሰረ ናቸው፣ ሽጉጡን መሥሪያ ቤታቸው ተረክቧቸዋል።