እግርም ትከሻም የሚታይበት ወንበር

እኛ አገር ሠርግ ሲኖር ቦታ የሚመርጥ ሰው የለም። ዳሱ ውስጥ ክብ ይሠራል፣ ከበሮው ይመታል፣ እስክስታ ወራጁ ፊታችሁ ድረስ መጥቶ ትከሻውን ይሰብቅላችኋል። ካልታያችሁ ትጠጋላችሁ፤ ካልተመቻችሁ ዞራችሁ በሌላው ወገን ትቆማላችሁ። እኔም ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጌ ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ስገባ ይህንኑ ልማድ ይዤ ነበር። ቴአትር ቤት ገብቼ ውዝዋዜ የበዛበት ሙዚቃዊ ትርኢት ሳይ የምፈልገው የቅርቡን ወንበር ብቻ ነው። ይህ ልማድ ሁለት ትኬት በልቶብኛል። እናንተን እንዳይበላባችሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ትርኢቱ ውስጥ የየትኛው አገር ጭፈራ እንደሚበዛ እወቁ፤ ፖስተሩን እዩ፣ ካልገባችሁ ትኬት ቆራጩን ጠይቁ። ወንበሩን የሚመርጥላችሁ ጭፈራው የሚያርፍበት የሰውነት ክፍል ነውና። የወሎ፣ የጎንደርና የጎጃም እስክስታ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ላይ ነው፤ ቅርበት ይፈልጋል። ጉራጌ እግር ነው፤ የመድረኩ ወለል ካልታያችሁ ግማሹ ቀረባችሁ ማለት ነው። ወላይታ ወገብ ነው፤ ራቅ ብትሉም አይጠፋችሁም። የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ ላይ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ሆነው አንገት ለአንገት ስለሚነጋገሩ፣ ከጎን ከተቀመጣችሁ የአንዳቸውን ጀርባ ብቻ ታያላችሁ። የትግራይ ጭፈራ እየዞረ የሚሄድ ክብ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲያዩት ያምራል። ሁሉም የተደባለቀበት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም እንዲያ ነው፣ መሐሉን ያዙ።

አሁን እኔን የጣለኝን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የፊተኛው መደዳ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስላል። ለውዝዋዜ አይበልጥም። ስሙን በማልጠራው አንድ አዳራሽ ቀድሜ ተሰልፌ፣ ፊት ለፊት፣ ልክ መሐል ላይ፣ መድረኩን እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቤ ተቀመጥኩ። እስክስታው ሲመጣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የአንዲቱ ልጅ የአንገት መስቀል ደረቷ ላይ ሲዘል አያለሁ፣ ትንፋሿም ይሰማኛል። ቀጥሎ ጉራጌው ገባ። ከጉልበት በታች ምንም የለም! የመድረኩ ጠርዝ ዓይኔ ትክክል ነበር። የእግሩ ድብደባ በጆሮዬ ይገባል፣ የወንበሬም ብረት ይርገበገባል፣ እግር ግን አይታይም። ተወዛዋዦቹ ክብ ሠርተው ሲዞሩም ለእኔ የታየኝ ክብ ሳይሆን አንድ መስመር ላይ የሚተራመስ ሰው ነው።

ምክንያቱን በኋላ በሜትር ለክቼ ተረዳሁት። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ በግምት ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ከፍታ ላይ ነው። መድረኩ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ጣውላውን ማየት አይቻልም። የአዳራሹ ወለል ወደ ኋላ ሽቅብ የማይወጣ፣ ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ መሸሽም አያድንም፤ የፊተኛው ሰው ራስ ይጨመርበታል እንጂ። ስለዚህ መብራት ሳይጠፋ ይህን አድርጉ፦ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፤ አንገታችሁን አታስግጉ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስግጋችሁ አትዘልቁትምና። ከዚያ የመድረኩን ወለል ፈልጉ። የጣውላው መጋጠሚያ ከጠርዙ እስከ መጋረጃው ሥር ከታያችሁ እግር ይታያችኋል። የታያችሁ የጠርዙ ግንባር ብቻ ከሆነ ተነሡ። አትፈሩ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ተነሡ! ትኬቱ የወንበር ቁጥር ከሌለው ወለሉ ሽቅብ ወደሚወጣበት ወደ ኋላ ሂዱ፤ ቁጥር ካለው አስተናጋጁን በትሕትና ጠይቁ። ትርኢቱ ከጀመረ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

እኔ ፊት ከተቀመጥኩበት ከዚያ ትርኢት በኋላ ተናድጄ ወደ ሌላው ጫፍ ሸሸሁ። ሁለተኛውን ትኬት የበላውም ይኸው ነው፤ ከፎቁ ሥር የመጨረሻው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። እግሩ ታየ፣ ክቡም ታየ፤ እስክስታው ግን ጠፋ። የእኛ አገር ሰው እስክስታ ሲወርድ የሚያስደንቀው ያቺ ደቃቅ እንቅጥቅጥ ናት፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይመስላል። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ለምን እንደሚያጨበጭብ አላወቅሁም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ዳሱን ሳስብ ነው። ዳስ ውስጥ ጭፈራ ፊትና ኋላ የለውም። መድረክ ላይ ግን ክቡ ተከፍቶ ግማሽ ጨረቃ ሆኗል፤ ፊቱ ወዴት እንደሚሆን የወሰነ ሰው አለ። እሱም ኬሮግራፈሩ ነው። ልምምድ ሲያሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው አዳራሹ ውስጥ፣ መሐል ላይ፣ ከፊት አንድ ሲሶ ያህል ገባ ብሎ ነው። እሱ ከቆመበት ተቀመጡ። ትንሽ አዳራሽ ከሆነ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው መደዳ፣ ሰፊ ከሆነ ትንሽ ኋላ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ ወደ ኋላ አትሂዱ። በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ግን ሰፊ ነው፤ እዚያ ሦስትና አራት መደዳ ብትጨምሩ አትጎዱም።

ለዓይናችሁ ማለማመጃ የሕዝብ ለሕዝብን ቪዲዮ እዩ። በ1980 ዓ.ም. አውሮፓና አሜሪካ ዞሮ የተመለሰው ያ ትርኢት የብዙ ብሔረሰብ ጭፈራ በአንድ መድረክ አሰልፏል። ካሜራው ሲቀርብ ምን እንዳገኛችሁ፣ ሲርቅ ምን እንደጠፋባችሁ ልብ በሉ፤ የራሳችሁን ርቀት ከዚያ ታውቁታላችሁ።

ፎቅ ያለው አዳራሽ ከሆነና ቡድኑ ብዙ ከሆነ ፎቁን አትናቁ። ጀሮም ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ኒውዮርክ ላይ ያዘጋጀው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሲከፈት የሁለት ቡድን ወጣቶች ጠብ የሚነገረው በውዝዋዜ ነው፤ ማን የማንን ቦታ እንደረገጠ ወለሉን ካላዩ አይገባም። የእኛም ትርኢት ላይ መስመሩ ሲሰነጠቅ፣ ክቡ ሲጠብና ሲሰፋ ከላይ ሌላ ውበት አለው። የፎቁን የፊት መደዳ ከመያዛችሁ በፊት ግን መከታውን እዩ፤ ብረቱ የመድረኩን ፊት ከቆረጠባችሁ አንድ ወይም ሁለት መደዳ ወደ ኋላ ውጡ።

ዳር አትቀመጡ፤ የጎን መጋረጃው ግማሹን ይወስድባችኋል፣ ድምፅ ማጉያውም ጆሮ ያደነቁራል።

የእኔ አቋራጭ ይኸውላችሁ፦ ከመሐሉ ክፍል ሳልወጣ የመተላለፊያው ጠርዝ ላይ ያለውን ወንበር እይዛለሁ። ፊቴ ረጅም ሰው ቢመጣ፣ ሻሽ ያደረጉ እናት ቢቀመጡ፣ ወይም አንዱ ስልኩን አንሥቶ ቢቀርጽ፣ በመተላለፊያው በኩል ዘንበል ብዬ መድረኩን አገኘዋለሁ። ሁለት መተላለፊያ ካለ ከበሮ መቺው ወዳለበት ወገን የሚቀርበውን እመርጣለሁ። ይህ የግሌ ፍቅር ነው፤ ግን ሞክሩት። ከበሮ መቺው ዓይኑን ከተወዛዋዡ ትከሻ ሳይነቅል ሲመታ፣ ተወዛዋዡም መዳፉ ከመውረዱ በፊት ሲያውቅበት ከዚያ ይታያል።

ባለፈው እናቴ ከአገር ስትመጣ ይዣት የሄድኩት እዚያው ቦታ ነው፤ ሰባተኛው መደዳ፣ የመተላለፊያው ጠርዝ። ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳት ፎቁን አላሰብኩትም። መብራቱ ሳይጠፋ ጣውላው ይታያት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይታየኛል ልጄ፤ ደግሞ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣ እግራቸውን እንዳይመታቸው» አለችኝ። እኔ ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። የወሎው እስክስታ ሲጀምር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።