የኦክሲዴሽን ጫናና ፋይብሮማያልጂያ፦ መንስኤ ወይስ ውጤት?

ፋይብሮማያልጂያ በመላ አካል ላይ ለወራት የሚዘልቅ ሕመም፣ ድካም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና የማስታወስ ችግር የሚያስከትል የጤና እክል ነው። የራጅና የተለመደው የደም ምርመራ መንስኤውን ስለማያሳዩ ብዙ ሕሙማን «ምንም የለብሽም» ተብለው ይመለሳሉ። በደም ውስጥ የሚለካ ምልክት መፈለጉ ትልቅ ትርጉም ያለውም ስለዚህ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከምልክቶቹ አንዱ የሆነውን የኦክሲዴሽን ጫና እንመለከታለን።

ነጻ ራዲካል ምንድን ነው?

በሞለኪውል ውስጥ ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን የያዘ ሞለኪውል ነጻ ራዲካል ይባላል፤ ብዙዎቹም ከአጠገባቸው ካለ ሞለኪውል ጋር ፈጥነው ይጋጠማሉ። ሕዋስ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኃይል ሲያመነጭ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከመንገዳቸው ወጥተው ከኦክሲጅን ጋር በመገናኘት ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ራዲካል ይፈጥራሉ። ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን የገለጹት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይህን ራዲካል ያስወግዳል። የራዲካሎች ምርት ከመከላከያው አቅም ሲበልጥ የኦክሲዴሽን ጫና ተፈጠረ ይባላል።

ምን ተለካ?

የአብዛኞቹ ራዲካሎች ዕድሜ እጅግ አጭር በመሆኑ ተመራማሪዎች የሚለኩት በአመዛኙ ትተውት የሚያልፉትን አሻራ ነው። ለምሳሌ የሕዋስ ሽፋን ቅባት ሲጎዳ ማሎንዲአልዲሃይድ የተባለ ውሁድ ይፈጠራል። በተለያዩ ጥናቶች በፋይብሮማያልጂያ ሕሙማን ደም ውስጥ የዚህ ውሁድ መጠን ከጤናማ ሰዎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም ብዙዎቹ ጥናቶች በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ውሁዱም በስኳር ሕመምተኞችና በአጫሾች ዘንድ ስለሚጨምር ብቻውን በሽታውን አይለይም።

የቀስቱ አቅጣጫ

ሁለት መጠኖች አብረው መጨመራቸው አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያረጋግጥም። ጫናው የነርቮችን ስሜት አባብሶ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በአንጻሩ ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅስቃሴን ይቀንሳል፤ እነዚህም ጫናውን ሊያሳድጉ ይችላሉ። ሁለቱም አብረው እየሠሩ አዙሪት ሊፈጥሩም ይችላሉ። ይህን ለመለየት ሕሙማንን በእንቅልፍና በእንቅስቃሴ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ማነጻጸር፣ እንዲሁም ጫናውን ቀንሶ ሕመሙ መቀነሱን በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው

ጫናው መኖሩ የፀረ ኦክሲዴሽን እንክብል መግዛት ፈውስ ነው ማለት አይደለም። የአካል እንቅስቃሴን እንውሰድ፤ ለጊዜው ራዲካሎችን ይጨምራል፣ በመጠን ሲዘወተር ግን የሰውነትን መከላከያ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መመሪያም ለፋይብሮማያልጂያ በጽኑ የደገፈው ሕክምና ይኸው ብቻ ነበር። የደም ምልክቱ ፍለጋ ይቀጥላል፤ ሐኪም ግን እስከዚያው በሽታውን የሚለየው የሕመምተኛዋን ቃል አድምጦና ሌሎች በሽታዎችን መርምሮ ነው። መሣሪያ ያላሳየው ሕመም የለም ማለት አይደለምና።